ቀን ላይ የተነገረ መርዶ

ደሪቱን የሾላ ገበያ ሰው ሁሉ ያውቃታል። ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ በምትሸጥባት መደብ ላይ ሃያ ዓመት ተቀምጣለች፤ በሃያ ዓመት ውስጥ ደግሞ አንድ ቀን መልስ አጥታ አታውቅም። ቅመሙን አንስቶ፣ አሽትቶ፣ ዋጋ ጠይቆ፣ ከንፈሩን መጥጦ የሚሄድ ሰው ሲገጥማት «ወንድም ዓለም፣ ያሸተትከውን መልስልኝ እንጂ!» ትለዋለች። ጎረቤቶቿ ይስቃሉ፤ ሰውዬውም አፍሮ ይመለስና ይገዛል። ነገር መሸፋፈን አትወድም። «ሆዴ ጠባብ ነው፣ ምንም አያሳድርም» ትላለች።

እንግዲህ ነገሩን እዩት! ይህች ሴት በዕድሜዋ አንድ ጊዜ ብቻ ነገር ሸፈን አድርጋ ተናገረች። አንድ ጊዜ! እሱንም በክፋት አይደለም፤ ሰው እንዳይደነግጥ ብላ፣ በደግ ልብ ነው። ያቺው አንዷ ናት ዛሬም ድረስ የምታቃጥላት።

ባሏ ምልኬሳ የሠራተኛ ሰርቪስ ሾፌር ነው። ትውልዱ ቦሌ ቡልቡላ ነው፤ ያኔ ቡልቡላ ጤፍና ሽምብራ እንጂ ፎቅ ሳታበቅል። ከደሪቱ ጋር ሃያ ሁለት ዓመት በትዳር ሲኖሩ ልጅ አልሰጣቸውም። ያላቸው እርስ በርሳቸውና የምልኬሳ እናት እማማ ዘውዲ ናቸው። እማማ ዘውዲ ከእርሻቸው በተረፈችው ቁራሽ መሬት ላይ፣ በኮንዶሚኒየሞቹ መሃል፣ አንዲት ላም እያለቡ ከትልቁ ልጃቸው ከቀጀላ ጋር ይኖሩ ነበር። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት አንድ ቀን «የልጅ ልጅ የታለ?» ብለው ደሪቱን አላሳቀቋትም። እንዲያውም ሌላው ዘመድ ነገሩን ጫፍ ጫፉን ሲነካካ «ምልኬሳ ወንድ ልጄ፣ ደሪቱ ሴት ልጄ፤ ምን ቀረብኝ?» ብለው አፉን ያስይዙታል። ምልኬሳ እናቱን እንደ ልጅነቱ በኦሮምኛ «አዮ» ነው የሚላቸው። እሳቸው ደግሞ ምርቃታቸው በምንም ቢጀምር መጨረሻው አንድ ነው፦ «እኔን ያስቀድመኝ።»

ወሩ የካቲት፣ ቀኑ ማክሰኞ ነበር። ምልኬሳ ከእሁድ ጀምሮ ደረቱን ሲያቃጥለው ሰንብቷል። ደሪቱ «ጨጓራህ ነው፤ ጥሬ ሥጋውን ተው ብልህ አልሰማ አልክ» ብላ ተልባ በጥብጣ አጠጣችው። እሱም «ቤቴ ዶክተር እያለች ምን አዞረኝ!» እያለ ይቀልዳል። የሚኖሩት አያት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በእነሱ ብሎክ ውኃው አንደኛ ፎቅ ሲደርስ ይደክመዋል፤ ስለዚህ ከላይ ያለው ሰው ውኃ በመጣ ቀን ጀሪካን ተሸካሚ ነው። ምልኬሳ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከሥራ ሲገባ ውኃ መጥቷል። እንደ ወትሮው ሁለት ጀሪካን ሞልቶ ደረጃውን ተያያዘው። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ጀሪካኖቹን ቀስ ብሎ አስቀመጠ፣ ጠብታ እንኳ አልፈሰሰም፤ ከዚያ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። ደሪቱ ከላይ ሆና «ምነው፣ አረጀህ እንዴ?» ብላ ተጣራች። መልስ አልመጣም።

ጩኸቷን ሰምታ መጀመሪያ የደረሰችው ሰኪና ናት። ሰኪና የሁለተኛ ፎቅ ጎረቤታቸው፣ የወሎ ሰው፣ ደሪቱ ስኳርም ምስጢርም የምትበደራት ወዳጇ ናት። ባሏ ሐሩን ሁለት ሰዎች ጠርቶ ምልኬሳን በብርድ ልብስ ጠቅልለው አወረዱትና የሐሩን መኪና ውስጥ አስገቡት። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ላቡ ይቀዘቅዛል፤ ዓይኑ ተገልጦ ማንንም አያይም። መኪናው ሲሄድ ሰኪና ደረጃው ላይ ወድቆ የቀረውን የምልኬሳን ስልክ አንስታ፣ እጇን ራሷ ላይ ጭና ቀረች። ያየችው ሰው ለእሷ ሬሳ ነበር።

ሆስፒታሉ በር ላይ የምልኬሳ ልብ ቆመ። ደሪቱን ወደ ውጭ ገፍተው በሩን ዘጉባት። በበሩ መስታወት አንድ ሐኪም ደረቱን በሁለት እጁ እየተጫነ ሲደቃው አየች፤ ከዚያ ማሽን አስጠጉበት፤ የባሏ ሰውነት ከአልጋው ብድግ ብሎ ወደቀ። በሦስተኛው ልቡ ተመለሰ። ወዲያው የተዘጋውን የልብ የደም ሥር በቀጭን ቱቦ ሊከፍቱለት እየሮጡ ወደ ውስጥ ይዘውት ገቡ። አንዲት ነርስ ስታልፍ «ካደረ ተስፋ አለ» አለቻት።

አንድ ሰዓት ሲሆን ደሪቱ ለቀጀላ ደወለች። የቀጀላን ነገር ታውቃለች፤ ሆደ ባሻ ነው። አሮጊቷን ደግሞ አሰበች፤ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፣ በዚህ ምሽት ምን ብለው ይወጡ? ስለዚህ ድምፅዋን አለሳልሳ፣ እንባዋን ውጣ ተናገረች።

«ጋሼ ቀጀላ፣ እንደምን አመሹ? ምልኬን ትንሽ አሞት ነው። ሆስፒታል አስገብተነዋል። ምንም አይደለም፣ አይደንግጡ። ብቻ ለእማማ እንዳይነግሯቸው።»

ቀጀላ «የትኛው ሆስፒታል?» ሲል የደሪቱ ስልክ ባትሪ ጨርሶ ጠፋ። እሷም «በቃ፣ ነግሬያለሁ» ብላ ወደ በሩ ተመለሰች።

የእኛን ሰው ለማያውቅ ይህ ምን ክፋት አለው? እኛ ግን ሞትን በስልክ አንናገርም፤ ነውር ነው። መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሎች ጋቢያቸውን ተከናንበው በር ላይ ቆመው ነው። እስከዚያ ድረስ የሞተው ሰው ሁሉ «ትንሽ አሞታል»። አባቱ ያረፈበት «አባትህን ትንሽ አሟቸዋልና ና» ይባላል፤ እሱም መንገዱን ሁሉ እያወቀ፣ አላወቅኩም እያለ ይመጣል። «ለእናቱ እንዳይነገር» ከተባለማ አለቀ፣ ማኅተሙ እሱ ነው። ታዲያ በእውነት የታመመ ሰው፣ እንደ ምልኬሳ ሞት አፋፍ ደርሶ የተመለሰ ሰው፣ በምን ቃል ይነገርለት? ቃሉን ሁሉ ለሙታን ሰጥተን ጨርሰነዋል እኮ!

ቀጀላ ደጋግሞ ደወለ፤ የደሪቱ ስልክ ዝግ ነው። የወንድሙን ስልክ ሞከረ። አነሳችው፤ ሰኪና ናት። ከመኪናው መሄድ ወዲህ ምንም የሰማችው የለም። ምን ትበል? «ጋሼ፣ እኔ ምንም የማውቀው የለ... ትንሽ አሞት ነው...» አለችና ማልቀስ ጀመረች። ቀጀላ «ገብቶኛል እህቴ፣ እግዜር ይስጥሽ» ብሎ ዘጋው። ከዚያ ጋቢውን ለብሶ ወደ ሽማግሌዎቹ ቤት ሄደ።

ሲነጋጋ እማማ ዘውዲ ለላሟ ገለባ እየሰጡ ነበር። ሦስት ሽማግሎች በአጥሩ በር ገቡ፤ ቀጀላ ከኋላቸው ነው። ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ቆሙ። አሮጊቷ ሰዎቹን አዩ፣ ቀጀላን አዩ። ያሏቸው ልጆች ሁለት ናቸው፤ አንዱ ፊታቸው ቆሟል። «ምልኬሳ ነው?» አሉ። ቀጀላ አንገቱን ደፋ። እማማ ዘውዲ በእቅፋቸው የያዙትን ገለባ አልጣሉትም፤ ላሟ ፊት አስቀምጠው፣ የበረቱን ምሰሶ ተደግፈው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። «እኔን ያስቀድመኝ ብዬው ነበር» አሉ። ከዚህ በኋላ አልተናገሩም። አልጋ ላይ አስተኟቸው፣ ውኃ ረጩባቸው፣ መኪና ተፈለገ፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ዐረፉ።

በዚያችው ጠዋት፣ በዚያችው ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ምልኬሳ ዓይኑን ገለጠ። «ደሪ፣ ጀሪካኑስ?» አለ። ደሪቱ የሆስፒታሉን ወለል ተደፍታ ሳመችው። ከዘበኛው ቻርጀር ለምና ስልኳን ሰካችና፣ ልክ ብርሃን ሲሰጥ ቡልቡላ ደወለች።

«ጋሼ፣ እልል በሉ! ምልኬ ዓይኑን ገለጠ! ስሜን ጠራኝ! ልቡ ቆሞ ነበር እኮ፣ ሞቶ ነው የተነሳው! አሁን ለእማማ ይንገሯቸው፣ ቶሎ ይንገሯቸው!»

ከስልኩ ውስጥ ለቅሶ ይሰማታል፤ የብዙ ሰው ለቅሶ።

«ምንድነው የሚያስለቅሳችሁ? ድኗል እያልኩ! ማነው ሞተ ያላችሁ?» ብላ ተቆጣች።

ቀጀላ «ደሪቱ... አዮ...» አለና መጨረስ አቃተው።

ሁሉን ነገር የተረዳችው ቀብሩ ላይ ነው። ማነው ሞተ ያላችሁ ብላ ጠይቃ የለ? ማንም ሞተ አላለም። ራሷ የተናገረችው ቃል፣ እንዳለ፣ ሳይጨመርበትና ሳይቀነስለት ነው ከአፍ አፍ የሄደው።

እማማ ዘውዲ በዚያው ዕለት ከሰዓት ተቀበሩ። ደሪቱ ሐሩንን ሆስፒታል አስቀምጣ፣ የሰኪናን ጥቁር ቀሚስ ተውሳ ደረሰች። ሴቶቹ እያቀፉ አጽናኗት፦ «ነፍሷን በልጇ ለወጠች፤ እግዜር ጸሎቷን ሰማ።» ይህን ስትሰማ የደሪቱ ደም ፈላ። «እግዜርን በዚህ አታስገቡት! እግዜር ሁለቱንም ሰጥቶን ነበር፤ አንዷን የጣልኳት እኔ ነኝ!» አለች። «ተይ፣ አይባልም» ብለው በነጠላቸው ጫፍ አፏን ያዙት። ቀጀላ ማዶ ሆኖ ይሰማል፤ ቀና ብሎ አላያትም። በእሷም በራሱም ነው ያዘነው።

ሐኪሙ ደግሞ ቁርጥ ያለ ነገር ተናገረ። «ልቡ ገና ቁስል ነው። የሚያስደነግጥ ነገር እንዳይሰማ።» አሁን ደሪቱ ምን ታድርግ? ሆዴ ምንም አያሳድርም የምትለዋ ሴት ሞት በሆዷ ይዛ ታድር ጀመር። ጠዋት ቡልቡላ ለቅሶ ላይ ጥቁር ለብሳ ትቀመጣለች። ከሰዓት ሆስፒታል ስትደርስ መጸዳጃ ቤት ገብታ ጥቁሩን በፌስታል ትጠቀልልና ምልኬሳ የሚወድላትን ቢጫ ቀሚስ ትለብሳለች። ፊቷን በውኃ ትመታለች፤ ከዚያ ሳቅ ብላ ትገባለች።

«አዮ ለምን አልመጣችም?» አለ በሦስተኛው ቀን።

«ጉልበታቸውን አሟቸው።»

«በስልክስ አታገናኙኝም?»

«ጆሯቸው በስልክ አይሰማላቸውም፣ ታውቅ የለ?»

ይኸኛው እንኳ እውነት ነበር፤ ስልክ ጆሯቸው ላይ ሲያደርጉላቸው «ሃሎ» ብቻ ብለው ይመልሱት ነበር። ምልኬሳ ራሱን ነቀነቀ። ሌላ ቀን አልጠየቀም። ደሪቱ አለመጠየቁ ከበዳት፤ ደግሞም ተገላገልኩ አለች።

በዘጠነኛው ቀን ቤቱ ገባ። ደረጃውን ሐሩንና ሌሎች ጎረቤቶች በወንበር ተሸክመው አወጡት፤ «ስትወርድ በብርድ ልብስ፣ ስትወጣ በዙፋን!» እያሉ አሳቁት። ከዚያ ጠያቂው ጎረፈ። እንግዲህ ያንን ጊዜ ማየት ነበር። ሰው ሁሉ ሳሎን ገብቶ «እንኳን ለዚህ አበቃህ፣ እንኳን ማረህ» ይላል፣ ጉንጩን ስሞ ይቀመጣል፣ ይስቃል። ደሪቱ ልትሸኝ ስትወጣ ደረጃው ላይ አንገቷን አቅፎ «እግዜር ያጥናሽ፣ ነፍሳቸውን ይማር» ይላታል። በሩ ውስጥ ደስታ፣ በሩ ውጭ ለቅሶ። አንዲት የእድር ሴትዮ ግራ ገብቷት ምልኬሳ ፊት «እግዜር ያጥ...» ብላ ስትጀምር ሰኪና በክርኗ ጎሸመቻት። ሴትዮዋ «...ያጠንክርህ!» ብላ ጨረሰች። ጥቁሩ ቀሚስ አሁን የሚውለው ሰኪና ቤት፣ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሎ ነው። ደሪቱ ወደ ቡልቡላ ስትወርድ እዚያ ትለብሰዋለች፤ ስትመለስ እዚያ ታወልቀዋለች። ሰኪናም «ያን ስልክ ባላነሳው ምን ነበረበት!» እያለች እጇን ትነክሳለች። ሁለቱ እዚያች በር ጀርባ ተቃቅፈው፣ ድምፅ ሳያወጡ፣ ትከሻቸው ብቻ እየተንቀጠቀጠ የሚያለቅሱበት ቀን ብዙ ነው።

ታዲያ ደሪቱ አላመሰገነችም? ማመስገኑንማ አመስግናለች። ጠዋት ስትነቃ መጀመሪያ የምታደርገው የባሏን እስትንፋስ ማዳመጥ ነው። ወጣ ገባ ሲል ትሰማና «ተመስገን» ትላለች። ከአፏ ሳይወጣ ደግሞ ታፍራለች፤ ያች በረት ትዝ ትላታለች። የሚያመሰግን አፏ ያው ያጠፋው አፏ ነው። እና ምልኬሳ፣ ይኸ ደህና ሰው፣ ምስጋናውን በላይ በላዩ ይጭንባታል። ጠያቂ በመጣ ቁጥር «እኔ የዳንኩት በሁለት ሴት ነው፤ አንዷ ሆስፒታል አደረሰችኝ፣ አንዷ ቡልቡላ ሆና ጸለየችልኝ» ይላል። ደሪቱ ጓዳ ትገባለች።

አንድ ማክሰኞ «ሾላ ነሽና ለአዮ ጋቢ ምረጪልኝ» አላት። «ወፍራሙን ይሁን። ጠዋት ጠዋት ላሟ ጋ ስትቆም ይበርዳታል።» ምን ትበል? ገዛች። የጋቢ ነጋዴዋ «ለማነው?» ብትላት ሃያ ዓመት መልስ አጥታ የማታውቀዋ ደሪቱ መልስ አጣች። አምጥታ ስትሰጠው በጣቶቹ ዳሰሰው፣ «ጥሩ ነው፣ ይሞቃታል» አለ፤ አጣጥፎም ራስጌው አስቀመጠው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ያ ጋቢ እያያት ያድራል።

ሃያ አምስት ቀን ሞላ። ቅዳሜ ጠዋት ቀጀላ ደወለ።

«ነገ ጎህ ሲቀድ ሽማግሎቹን ይዤ እመጣለሁ። አርባዋ ሳትደርስ ይወቅ። ቀስ ብለን፣ በወጉ እናረዳዋለን።»

«አይሆንም» አለች ደሪቱ።

«ምን አልሽ?»

«ሽማግሌ በጠዋት እኔ በር ላይ አይቆምም፣ ጋሼ። አንድ ጊዜ ቆሞ ያየነውን አይተናል።»

«ደሪቱ፣ ወጉ እኮ ነው!»

«ወጉን ከእማማ ጋር ቀብረነዋል። ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ እኔው እነግረዋለሁ።»

ቀጀላ ተቆጣ፣ ለመነ፣ መጨረሻ ላይ «ልቡ ቢቆምስ?» አለ። ይህን ጥያቄ ደሪቱ ሃያ አምስት ቀን ሙሉ ስታኝከው ከርማለች። ትናንት ለክትትል ሲሄዱ ሐኪሙን ለብቻው ይዛ ጠይቃዋለች። «ለዘለዓለም አይደበቅም። በልቶ፣ መድኃኒቱን ወስዶ፣ ቁጭ ብሎ፣ ቀን ላይ ይሁን፤ በግልጽ ንገሪው» ብሏታል። ለቀጀላ ይህንኑ ነገረችው። ሐሩንን ደግሞ መኪናውን ደረጃው ሥር አቁሞ፣ ቁልፉን በእጁ ይዞ እንዲቀመጥ ነገረችው። ከዚያ ለባሏ ምሳ አቀረበች፤ ጨው በሌለው ሽሮ እየተማረረ በላ። መድኃኒቱንም ቆጥራ ሰጠችው።

ሰባት ሰዓት ላይ ምልኬሳ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነበር። ቢጫ ቀሚሷን እንደለበሰች ፊት ለፊቱ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ሁለቱንም እጁን ያዘችው።

«ምልኬ፣ እናትህ ሞተዋል» አለችው። አልዞረችም፣ አልሸፈነችም።

ፊቱን ለማየት አልደፈረችም፤ ደረቱን ነበር የምታየው። ወጣ፣ ገባ። ወጣ፣ ገባ።

«አውቄያለሁ» አለ ምልኬሳ።

ቀና አለች።

«ጉልበታቸውን አሟቸው ስትይኝ ነው ያወቅኩት። እኔ ተኝቼ አዮ ጉልበቴን ብላ ትቀራለች? በእንብርክኳ ትመጣ የለ! አልጠይቅም አልኩ። ካልጠየቅኩሽ አዮ አንድ ቀን ትጨምርልኛለች ብዬ ነው። ጋቢ ግዢላት ያልኩሽም ለዚያ ነው። ጋቢ ሲገዛላት ያለች ይመስላል።» ድምፁ አልተቆረጠም፤ እንባው ግን በጺሙ ላይ ይወርዳል። «መቼ ነው?»

«አንተ ዓይንህን የገለጥክ ዕለት። በዚያችው ሰዓት።»

«ምን አገኛት?»

እዚህ ላይ ለደሪቱ ማምለጫ ነበራት። ሰማንያ አንድ ዓመት ነው፣ እርጅና ነው ብትል ማን ይከሳታል? ቀጀላም አፉን አይከፍትም፤ ሰኪናም እስከ መቃብር ትይዝላታለች። ባሏ እሷን እያመሰገነ ይኖር ነበር። ደሪቱ ግን ሁሉንም ነገረችው፦ የደወለችውን፣ ትንሽ አሞት ነው ያለችውን፣ ለእማማ እንዳይነግሯቸው ያለችውን፣ የጠፋውን ባትሪ፣ ሽማግሎቹን፣ ገለባውን።

ምልኬሳ ይህን አያውቅም ነበር።

«ቆይ» አለ። «ሞቼ መስሏት ነው የሞተችው?»

«አዎ።»

«መዳኔን ሳትሰማ?»

«ሳይሰሙ።»

እጁን ከእጇ አወጣ። በቀስታ ነው ያወጣው፤ እሷ ግን የተመታች ያህል ተሰማት። ፊቱን ወደ ቡልቡላ አቅጣጫ፣ አውሮፕላኖቹ ዝቅ ወደሚሉበት አዞረ። አንዱ ወረደ። ሌላው ወረደ። ደሪቱ «ልቡ፣ ልቡ» እያለች ደረቱን ትጠብቃለች። ከዚህ ሁሉ ቢሰድባት፣ ቢመታት ትመርጥ ነበር።

«እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ምን እል ነበር?» አለ በመጨረሻ። አሰበበት። «ትንሽ አሟታል ነበር የምለው።»

እጁን ግን አልመለሰላትም።

«አልቅሺ» አላት። «እኔ አትጩህ ተብያለሁ። ለሁለታችንም አልቅሺ።»

ሃያ አምስት ቀን በበር ጀርባ የታፈነው ድምፅ ያኔ ወጣ። «ወይኔ እናቴ! ወይኔ የኔ እናት!» ብላ ደረቷን መታች። ልጅ ለእናቷ እንደምትጮኸው ጮኸች፤ ምራት ናት የሚል አንድም ሰው አይገኝም ነበር። ጩኸቱ ከአራተኛ ፎቅ እስከ ግቢው ወረደ። ታች ምንጣፍ ታጥብ የነበረች ሴት «የአራተኛ ፎቁ ሰውዬ ሞተ!» ብላ ተቀበለችው። በሮች ተበረገዱ። ሐሩን ቁልፉን እንደያዘ በባዶ እግሩ ደረጃውን ሦስት ሦስት እየዘለለ ወጣ፤ ሰኪና ከኋላው ፊቷን እየጠፈጠፈች፤ ከኋላዋ ግማሹ ብሎክ።

ምልኬሳ ወንበሩን ይዞ ተነሳ። መኝታ ቤት ገብቶ ራስጌው ያለውን ጋቢ አነሳ፣ ዘረጋው፣ ተከናነበው። ሄዶ በሩን ከፈተና ደፉ ላይ ቆመ። ደረጃው እስከ ሦስተኛ ፎቅ በሰው ሞልቷል። ሁሉም ባለበት ቀረ።

«እኔ አይደለሁም» አለ ምልኬሳ። «እኔ አለሁ። እናቴ ናት የሞተችው።»

ሰኪና «አልሐምዱሊላህ!» አለች፤ ወዲያው «ኢና ሊላሂ» ብላ ደረጃው ላይ ዘፍ አለች። ሌላውም «ተመስገን» እያለ ያለቅሳል፣ እያለቀሰ «እንኳን አተረፈህ» ይላል። ከእንግዲህ ሳሎንና ደረጃ የሚለይ አልነበረም።

«ስልኬን አቀብሉኝ» አለ ምልኬሳ። «ይኸ ጩኸት በሌላ ሰው አፍ ቡልቡላ እንዳይደርስ።»

ደወለ። ቀጀላ አነሳው። ከኋላ የሚሰማው ለቅሶ ነው፤ የብዙ ሰው ለቅሶ፤ ወሬው ቀድሞት ደርሷል። 

«ቀጀላ፣ እኔ ነኝ፣ ምልኬሳ። አልሞትኩም። አዮ መሞቷን ሰምቻለሁ።»

ማዶ ቀጀላ ጮኾ አለቀሰ። ምልኬሳ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ፣ በሌላው እጁ የእናቱን ጋቢ ጫፍ ገልጦ ከኋላው መጥታ የቆመችውን ደሪቱን ከውስጥ አስገባት።